ከችሎቱ በፊት መዝገብ ቤቱ

በጅምላ ስለተገደሉ ሰዎች ፍትሕ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ብሎ ሄግ ይደርሳል። ማን ይከሰስ፣ ማን ይክሰስ፣ የሮምን ስምምነት እንፈርም አንፈርም፣ ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋም ወይስ ያሉት ይበቃሉ። ቡና ላይም፣ ሬዲዮ ላይም፣ ምሁራን በሚጽፉትም ላይ የማገኘው ይኸንኑ ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። በታይፒስትነት ተቀጥሬ በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ደብዳቤ ሳስገባና ሳስወጣ ስለኖርኩ ይሆናል፣ ስለ ፍርድ ሲወራ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ዳኛው ወንበር ሳይሆን ከዳኛው ፊት ወደተቆለለው ዶሴ ነው። ያ ዶሴ ከየት መጣ? ማን አስቀመጠው? ሳይቃጠል፣ ምስጥ ሳይበላው፣ ለሱቅ መጠቅለያ ሳይሸጥ እንዴት እዚያ ደረሰ?

ሰሚ ካገኘሁ የምለው አንድ ነገር ነው። የልዩ ፍርድ ቤቱ አዋጅ ከመርቀቁ በፊት ወረቀት የሚያስጠብቅ ትእዛዝ ይውጣ። ዳኛ በኋላም ይሾማል። የተቃጠለ መዝገብ ግን የሚተካው የለም።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ሄግ የተቀመጠ ችሎት እሸቱ ዓለሙን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። ብዙ ሰው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የፈረደበት ይመስለዋል። አይደለም። ያ ፍርድ ቤት ማየት የሚችለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2002 ወዲህ የተፈጸመን ወንጀል ነው፤ ኢትዮጵያም አባል አይደለችም። የፈረዱት የአገሬው፣ የኔዘርላንድስ ዳኞች ናቸው። ተከሳሹ በጎጃም የደርግ ተወካይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ኔዘርላንድስ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ ዓመታት ኖሯል። ጥፋተኛ የተባለው በነሐሴ 1970 ዓ.ም. 75 ወጣት እስረኞችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማስገደል፣ 321 ሰዎችን ያለ ሕግ በማሰርና በማንገላታት፣ ዘጠኙን ደግሞ በማሠቃየት ነው። ይግባኝ ቢልም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ፍርዱ ጸናበት። ችሎቱ ላይ በደርግ ስም ይቅርታ ጠይቋል፤ ወንጀሉን ግን እኔ አልፈጸምኩም ብሏል።

ነሐሴ 1970ና ታኅሣሥ 2010ን አስቡ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ነው። የዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ምስክር ስድሳ እየተጠጋ ነው። ጠበቃው ቀኑን ይጠይቀዋል፣ ሰዓቱን ይጠይቀዋል፣ ማን በየት በር እንደገባ ይጠይቀዋል። ስቃዩን አይረሳም፤ ቀኑን ግን ሊስት ይችላል። የሳተውን ቀን ይዞ መላ ቃሉን ለማፍረስ መሞከር ደግሞ የጠበቃ እንጀራ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ወረቀት ነው፤ ስም የተደረደረበት፣ ቀን የተጻፈበት፣ ከግርጌው የተፈረመበት። በዚያም ክስ ዐቃቤ ሕግ የሰው ምስክር ብቻ ይዞ አልቀረበም። የዚያን ዘመን ሰነዶች ይዞ ነበር።

ወጣቶች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ገዳይ ለምን ይጽፋል? አእምሮ ያለው ሰው የራሱን ወንጀል በማኅተም አትሞ ያስቀምጣል ወይ?

መሥሪያ ቤት ያልሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ያለ ደብዳቤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ነዳጅ ለመቅዳት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ጥይት ከግምጃ ቤት ለማውጣት ወረቀት ያስፈልጋል፤ እስረኛ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። ከዚያ በላይ ግን ፍርሃት አለ። የበታቹ «ታዝዤ ነው» የሚልበት ወረቀት ይፈልጋል፤ የበላዩ «ሥራው ተሠርቷል» የሚል ሪፖርት ይፈልጋል። ሁለቱም ነገ ማን እንደሚገመገም አያውቁም። ስለዚህ «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል» ተብሎ ይተየባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ይበተናል። እኛ ታይፒስቶች ካርቦን አስገብተን አራትና አምስት ቅጂ እንመታ ነበር። የመጨረሻው ቅጂ ፊደሉ ደብዝዞ በመከራ ነው የሚነበበው፤ ይነበባል ግን። የኑረምበርግ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ጃክሰንም ክሱን በዋናነት የገነባው ጀርመኖች ራሳቸው በጻፉትና በፈረሙት ወረቀት ላይ ነው። ጭካኔ ጽሕፈት ቤት ሲኖረው ፋይልም ይኖረዋል።

በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥራውን ሲጀምር እጁ የገባው ይህ ነበር። ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ የቀበሌው፣ የከፍተኛው፣ የደኅንነቱ ወረቀት እንዳለ ቀረ። ማቃጠያ ጊዜ አልነበረም፤ አንዳንዱም ሊቃጠል ይገባዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ተሰበሰበ። የአርጀንቲና የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ሲቆፍሩ፣ አንገት ላይ እንደታሰረ የቀረ የናይሎን ገመድ አገኙ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው እነዚህን ቅርሶች ያስታውሳል። በጠቅላላው 5,198 ሰዎች ተከሰሱ፤ 2,952ቱ በሌሉበት። ዋናው ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ጥፋተኝነቱ የተወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ወረቀቱ ሁሉ እጅ ላይ እያለ ማለት ነው። ሰነድ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሰነድ በሚሰበስብበት ሰሞን ነው፣ ፍትሕ ምን እንደሆነ በሥራዬ በኩል የገባኝ። ሁለት ሰዎች ደብዳቤ ይዘው እኔ ወዳለሁበት መሥሪያ ቤት መጡ። የ1970ን የወጪ መዝገብ ፈለጉ። የወጪ መዝገብ ለማያውቅ ልንገር። ትልቅ፣ ጀርባው ጠንካራ፣ ዓምድ የተሠመረበት ደብተር ነው፤ ተራ ቁጥር፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን እንደተላከ፣ ጉዳዩ፣ የገጹና የአባሪው ብዛት፣ ግልባጭ ለማን። ከመደርደሪያው በላይ አቧራ ለብሶ ነበር፤ በወንበር ወጥቼ አወረድኩት። አንደኛው ሰውዬ ጣቱን ከላይ ወደታች እየነዳ መጥቶ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ጉዳዩ የሚለው ዓምድ «እስረኞችን ስለማስረከብ» ይላል። ገጽ 1፣ አባሪ 2። የእኔ ጽሕፈት አይደለም፤ ከእኔ በፊት የነበረች ልጅ ጽሕፈት ነው፣ «ረ»ዋን አውቃታለሁ። ፋይሉን ስናወጣ ደብዳቤው የለም። ቁጥሩ ከበፊቱ ወደቀጣዩ ይዘላል። ያወጣው ሰው ፋይሉን አሰበ እንጂ መዝገቡን አላሰበውም። መዝገቡ ደግሞ ግልባጭ የተላከለትን ሌላ መሥሪያ ቤት ስም ይዟል። ሰዎቹ ያንን ጻፉና አመስግነውኝ ሄዱ። ቅጂው እዚያ እንደተገኘ ከወራት በኋላ ሰማሁ። ሁለቱ አባሪዎች የስም ዝርዝር ነበሩ።

ያቺ «ረ» የምትጽፍ ልጅ በሕይወት ካለች ምን እንዳደረገች የምታውቅ አይመስለኝም። ሥራዋን ነው የሠራችው። ዓምዱን ሁሉ ሞላች፣ አንድም አልዘለለችም።

ከዝርዝሩ ውስጥ የሠፈራችን ልጅ ነበረበት። እናቱን እማማ እላቸዋለሁ፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንላቸው። ልጃቸው ከታሰረ ጀምሮ በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። የዚያን ዘመን ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል፤ ማስረዳት አያስፈልግም። ማልቀስ ክልክል ነበር፣ ድንኳን መጣል ክልክል ነበር። እማማ ሙት ዓመቱን ሲያስቡ የኖሩት «አያምጡ» በተባሉበት ቀን ነው፤ ሌላ ቀን ከየት ያመጣሉ? ሰነዱ ሲገኝ ልጃቸው ተላልፎ የተሰጠበት ቀን ታወቀ። እሳቸው ከሚያውቁት ቀን ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በፊት ነበር። ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስንቁን ማን ሲበላው ነበር?» አሉኝ።

ምን ልመልስላቸው? ዛሬም መልስ የለኝም። ፍርዱ በ1999 ሲሰጥ ችሎቱን አልሄዱበትም፤ ማን ስንት ዓመት እንደተፈረደበትም ብዙ አላስጨነቃቸውም። የሙት ዓመቱን ቀን ግን ቀየሩት። ቄሱን አስጠርተው፣ ቀኑን አስተካክለው፣ በትክክለኛው ቀን አስፈቱት። ዓለም አቀፍ ፍትሕ የሚሉት ነገር ለአንድ እናት ምን ይጠቅማታል ለሚል ሰው የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ከዳኛው ቀድሞ ለእሷ ይጠቅማታል።

እዚህ ላይ የሚያስቆጣኝን ነገር ልናገር። ያን ሁሉ ሰነድ ያገኘነው ደርግ ስለተሸነፈ ነው። የተሸነፈ መዝገቡ ይከፈታል፤ ያሸነፈ መዝገቡን ይቆልፋል። በዚያ ዘመን የገደለው ደርግ ብቻ እንዳልነበረ የዘመኑ ሰው ያውቃል፤ ችሎት ፊት የቆመው ግን ደርግና የደርግ ሰው ነው። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነመንግሥቱ ላይ ሞት ፈረደ፤ መንግሥቱ ግን ሐራሬ ናቸው። እስር ቤት የነበሩት በ2003 የሞት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ፣ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ ተፈቱ። ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ከጣልያን ኤምባሲ ግቢ ሳይወጡ ኖረው በታኅሣሥ 2013 ነው በአመክሮ የተለቀቁት። ጣልያን የሞት ቅጣት የሚጠብቀውን ሰው አሳልፌ አልሰጥም አለች። በመርሕ ደረጃ አልከራከራትም። ነገር ግን የጣልያን ኤምባሲ መሆኑ አንድ የሚያስታውሰኝ ነገር አለ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጣልያኖች ያደረሱትን እልቂት፣ ከዚያም በግንቦት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውን የማያውቅ የለም። ከድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያደረገውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ማስረጃ ሰበሰበ። ጣልያኖች ጥለውት የሄዱትን የራሳቸውን ቴሌግራም፣ የራሳቸውን ሰርኩላር፣ የራሳቸውን ፎቶግራፍ። ከደብረ ሊባኖስ 297 መነኮሳት እንደተረሸኑ የሚናገረው ቁጥር የመጣው ከጣልያኑ ገዢ ከግራዚያኒ ቴሌግራም ነው፤ ትክክለኛው ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ በኋላ ያጠኑ ሰዎች አሳይተዋል። መንግሥት ሰነዱን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ፤ የፍትሕ ሚኒስቴራችንም በሁለት ጥራዝ አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሚሽኑ ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ጣልያናውያን ሊከሰሱ እንደሚገባ ተቀበለ። ከዚያስ? ምንም። ብሪታንያ አልተባበረችም፤ ሌላውም ዝም አለ። ግራዚያኒ አገሩ ውስጥ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ወጣ። ስለ ኢትዮጵያ ማንም አልጠየቀውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።

ወረቀት ብቻውን አይፈርድም ማለት ነው። ይህን አልክድም። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነትን ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ያጸደቀች አገር ናት፤ ይህን ያደረገችው ግን አሥሩ ጣልያናውያን ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቀን ችሎት ሳይቀርቡ ነበር። ቢሆንም ያ ጥራዝ ዛሬም አለ። ዛሬ ስለ የካቲት 12 የሚጽፍ ሁሉ፣ ጣልያናዊም ቢሆን፣ ወደዚያ ነው የሚመለሰው። ክርክሩ «ሆኗል ወይስ አልሆነም» ከሚለው አልፎ «ለምን ዝም ተባለ» የሚለው ላይ የደረሰው በዚያ ወረቀት ነው።

የጣልያንንም የደርግንም ዘመን ያየው ከርቸሌ የነበረበትን ቦታ የማታውቁ ወጣቶች የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ ተመልከቱ። ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት እዚያ ነበር። በጣልያን ጊዜ ሰው ታጉሮበታል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳው የንጉሡ ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚያ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን ስንቱ እንደገባበት ቤተሰቡ ያውቃል። ፈርሶ በ2004 አዲሱ ሕንፃ ተመረቀበት። ይህ ኅብረት ራሱ ነው በ1998 ዓ.ም. ሴኔጋል የቻዱን ሂሴን ሀብሬን በአፍሪካ ስም እንድትዳኝ የወሰነው። የሀብሬ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው፤ ምክንያቱን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ጀግናው የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ሱሌይማን ጌንጌንግ ይባላል። በሀብሬ ዘመን ያለ ጥፋቱ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ፣ ጓደኞቹ አጠገቡ ሲሞቱ አይቶ፣ በሕይወት ከወጣሁ ለዚህ ነገር ፍትሕ እፈልጋለሁ ብሎ ተሳለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሀብሬ ወደ ሴኔጋል ሲሸሽ ሰውየው ከእስር ወጣ። ወጥቶ ምን አደረገ? ቅጽ አዘጋጀ። ከተበዳዮች ቤት ለቤት እየዞረ የ792 ሰዎችን ቃል መዘገበ፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ተደረገበት። አዲሱ መንግሥት ፊቱን ሲያዞርበት ወረቀቱን ቤቱ ደበቀው። ዓመታት ተቀምጦ ጠበቆች ሲመጡ አውጥቶ ሰጣቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሂዩማን ራይትስ ዋች ሰዎች ኢንጃሜና ውስጥ የተተወ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ገብተው ወለሉ ላይ የተበተነ የሰነድ ክምር አገኙ። ከዚያ ክምር ውስጥ የ12,321 ተበዳዮች ስም ወጣ፤ 1,208ቱ በእስር ላይ እንዳሉ የሞቱ ወይም የተገደሉ ናቸው። ገዳዮቹ የጻፉትና ተበዳዮቹ የጻፉት ሲገጣጠም ማምለጫ ጠፋ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ዳካር የተሰየመው ልዩ የአፍሪካ ችሎት ሀብሬን ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ለዚህ የበቃው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቅጽ ስላስሞላ ነው። መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስትሆኑ እንዲህ ያለ ዜና ያስለቅሳል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የተከተሉት መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ነገሩ የጀመረው በዓይን ነው። አትላንታ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት በምትሠራበት ሆቴል፣ በከፍተኛ 9 ሊቀመንበርነቱ ዘመን ያሠቃያትን ቀልቤሳ ነገዎን ሻንጣ ሲያመላልስ አየችው። ሦስት ሴቶች ሆነው ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ ተፈረደላቸው። ገንዘቡ አይደለም ነገሩ። ሰውየው የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር፤ ያ ዜግነት ተገፍፎ በ1999 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ፣ በሌለበት የተፈረደበትን ዕድሜ ልክ ሊታሰር። ዴንቨር የተገኘው ከፍለኝ ዓለሙም በሌላ ሰው ስም እየኖረ ሳለ በከፍተኛ 15 እስር ቤት በእሱ እጅ ታስሮ የነበረ ሰው ካፌ ውስጥ ለየው። በግንቦት 2006 ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በምን ወንጀል? በማሠቃየት አይደለም። የስደተኛና የዜግነት ማመልከቻ ሲሞላ ስለዋሸ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ «ያን ሁሉ ነፍስ አጥፍቶ በቅጽ ይታሰር?» ይላል። እኔ አልናደድኩም። ቅጽ ላይ መዋሸት ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢቀጣ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ እውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይኖራል ተብሏል። ይኑር። ግን ልዩ ዐቃቤ ሕጉ እንደ 1984ቱ ዐቃቤ ሕግ የወጪ መዝገብ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ ብሎ ከጠበቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። የዛሬ ትእዛዝ በስልክ ነው የሚሰጠው፤ ቁጥር የለው፣ ግልባጭ የለው። የተጻፈውም በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር መሥሪያ ቤቶችና ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲቃጠሉ አብሮ ነዷል። ሰላም ባለበትም ቢሆን አስተዳደር በተቀየረ፣ ወረዳ ከወረዳ በተዋሐደ፣ ቢሮ በፈረሰ ቁጥር አሮጌ ፋይል በማዳበሪያ ታጭቆ የት እንደሚሄድ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ «አላስፈላጊ ሰነድ አስወጋጅ ኮሚቴ» ውስጥ ተመድቤ ነበር። ሰብሳቢው ፋይል የሚለየው በውፍረቱ ነው፤ ወፍራሙን ቦታ ይይዛል እያለ ያስወጣ ነበር። «ወንድሜ፣ ቢያንስ ርዕሱን እንይ» ስለው «እትዬ፣ አንቺ ወረቀት ስለምትወጂ ነው» አለኝ። እወዳለሁ።

ስለዚህ የዚህ ዘመን ማስረጃ ያለው ገዳዩ ጋ ሳይሆን ሟቹ ጋ ነው። የጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ አለ፤ በአንድ ቀን ስንት ሰው በጥይት ቆስሎ እንደመጣ ነርሷ ጽፋዋለች። አጥቢያው ሰው የቀበረበትን ቀን የሚያውቅ ካህን አለ፤ መስጊዱም እንደዚሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕድር አለ። የዕድር ደብተር ስም ይዟል፣ ቀን ይዟል፣ ለማን ቤተሰብ ስንት ብር እንደተከፈለ ይዟል፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ፊርማ አለበት፣ በየዓመቱም አባላት ሒሳቡን ይመረምሩታል። ይህን የሚያስተባብል ጠበቃ ማየት እፈልጋለሁ። የአንድ መንደር ዕድር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወትሮው አሥር እጥፍ ከፍሎ ከተገኘ ያ ገጽ ራሱ ቃል ነው።

የሚያስፈራኝ ነገር ስላለ ሳልናገረው አላልፍም። ዝርዝር ያድናል፤ ዝርዝር ያስገድላልም። በ1969 ዝርዝር ምን እንዳደረገን አይተናል። የምስክሮች ስም በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰብስቦ ቢቀመጥና ያ ቢሮ ነገ በሌላ እጅ ቢገባ፣ ያሰባሰብነው የቀጣዩ ሟቾች ዝርዝር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው መንግሥት ብቻውን ይያዘው የማልለው። ተከሳሽ ሊሆን የሚችል አካል የማስረጃ ቁልፍ ብቻውን አይያዝም። ስሙ በአንድ ደብተር፣ ቃሉ በሌላ ደብተር፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር በሦስተኛ ሰው እጅ። እኛ ሚስጥር ደብዳቤ የምንይዘው እንደዚያ ነበር፤ አዲስ ነገር አይደለም።

መዛግብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለን፤ ቤተ መዛግብትም አለን። አዲሱ ሕግ ሲረቀቅ ጥቂት መስመር ቢጨመርበት ይበቃኛል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ማንኛውም የእስር ቤት፣ የፖሊስ፣ የጤና ተቋም፣ የቀበሌና የወረዳ መዝገብ ፍርዱ እስኪያልቅ እንዳይወገድ፣ ያስወገደም ሰው በራሱ ስም እንዲጠየቅ። የአሸናፊውም መዝገብ እንደ ተሸናፊው እንዲከፈት። የዕድር ዳኞች ግን አዋጅ አይጠብቁ። ደብተራችሁን በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡት፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ፣ ባዶውንም አትዝለሉ፣ የተሰረዘውንም እንዳለ አንሡት። አንዱን ቅጂ ውጭ አገር ላለ የሠፈራችሁ ልጅ ላኩለት። ዋናውን ደብተር ለማንም አትስጡ፤ የሚመጣ ባለሥልጣን ካለ እዚያው ቁጭ ብሎ ያንብብ፣ ያየበትንም ቀን ጽፎ ይፈርም።